ጭቃውን የሚወጣ መኪና

እኔ ጠና እባላለሁ። ከሆሳዕና ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሌሞ ወረዳ ውስጥ፣ እንሰትና ድንች ተክዬ፣ ስንዴ ዘርቼ የምኖር ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ባለቤቴ አስናቀች በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ዝናብ አረፈች። ሲላስ የሟች ወንድሜ ልጅ ነው። እናቱ ጡት ሳይጥል ስለሞተችበት ያሳደገችው አስናቀች ናት፤ “እማዬ” የሚለውም እሷን ነው። ዛሬ ደቡብ አፍሪካ፣ እነሱ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ውስጥ፣ ሱቅ አለው።

እኛ ዘንድ በሰው አገር ብቻውን ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች በማለዳ ቤቱ ሄደው፣ ከበው፣ ይዘው ነው የሚነግሩት። እዚያ ያሉትን የአገራችንን ልጆች ለጸሎት የሚሰበስበውን ወንድም ዘርአብሩክን አደራ አልነው። እስኪነግረው ድረስ ለቅሶው ላይ ፎቶ የሚያነሳ እንዳይኖር፣ ፌስቡክ ላይም ወሬው እንዳይወጣ ሽማግሌዎች አስጠነቀቁ። ዘርአብሩክ ግን “ሱቁ ሩቅ ነው፤ መንገዱ ያሰጋል፤ በሚቀጥለው እሑድ” እያለ ቆየ።

እኔ ስልክ ይዤ መዋሸት አልሆነልኝም፤ ድምፄ ያስታውቅብኛል። ስለዚህ በወረቀት መጻፍ ጀመርኩ። ልጄ አዜብ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክለታለች፤ እሱም ጽፎ ይመልሳል። ወረቀት ላይ ዘሎ ማለፍ ይቻላል። መዝለል ውሸት አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ጠና፣

የጌታ ሰላም ከነሙሉ ቤትዎ ጋር ይሁን። እዚህ ብርዱ ጀምሯል፤ በእናንተ ጸሎት ግን ደህና ነኝ፤ ሱቁም እየሠራ ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎት በደስታ ነው። ለቤታችን መኪና ልገዛ ወስኛለሁ። እስከ መቼ በጋሪ ትመላለሳላችሁ? እዚህ አብረውኝ ያሉት ልጆች ሁሉ ለቤተሰባቸው ልከዋል። የመንገዱንም የሥራውንም ነገር የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ ዓይነቱን እርስዎ ይምረጡ። ያሉኝን እገዛለሁ።

እማዬ እንዴት ናት? ስልኳ ሁልጊዜ ዝግ ነው። አዜብ አንድ ቀን “ተኝታለች” ትለኛለች፣ አንድ ቀን “ጸሎት ሄዳለች” ትለኛለች። ጉልበቷስ ተሻላት? የገዛሁላትን ቅባት እየተቀባች ነው?

ልጅዎ ሲላስ

ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

በጌታ የተወደድህ ልጄ ሲላስ፣

ደብዳቤህ ደርሶ አዜብ አነበበችልኝ፤ ከዚያም ራሴ ደግሜ አነበብኩት። አምላክ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፤ ሱቅህን ከክፉ ሰው ዓይን ይሰውርልህ።

ምረጥ ስላልከኝ ነገሩን እንደ ቀልድ አላየሁትም። ጃጁራ ገበያ ድረስ ሄጄ እህል የሚያመላልሰውን ሾፌር እንድርያስን ጠየቅሁት። “ጋሼ ጠና፣ መጀመሪያ መንገዱን ይንገሩኝ፤ መኪናው ከዚያ ይመጣል” አለኝ። ነገርኩት። ሳቀ። “እንግዲያው ምን ያስመርጥዎታል?” አለ።

ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። ቀዩ ጭቃ አለ፤ ወንዟ አለች፤ ከወንዟ ማዶ ያቺ ዳገት አለች። በበጋ ባጃጅም ይወጣታል። በዝናብ ጊዜ ግን ፈረስ ራሱ ቆሞ ያስባል።

ስለዚህ የምፈልገው ሆዱ ከመሬት ራቅ ያለ ፒክአፕ ነው። አራቱም ጎማ የሚጎትት ይሁን። ጋቢናው ነጠላ ይሁን፤ ሁለት ረድፍ ወንበር ያለው የኋላውን ያሳጥረዋል። የኋላው ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ይርዘም፤ ሸራም ይኑረው። አሮጌ ቢሆን አልጠላውም፤ ብቻ መለዋወጫው ሆሳዕና የሚገኝ፣ የሆሳዕና መካኒክ ለምዶ የሚፈታው ይሁን። የቀለሙ ነገር አያስጨንቀኝም። ድንቹን፣ ቆጮውን፣ ስንዴውን ገበያ እናደርስበታለን።

ቤቱ ጌታ እንደፈቀደው አለ። አዜብ ሰላም ብላሃለች።

አጎትህ ጠና

ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ስለ መኪናው ያሉትን ለጓደኞቼ ባነብላቸው ሳቁብኝ። “አጎትህ መኪና ነው ወይስ በሬ የሚገዛው?” አሉኝ። አይቀየሙ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ዘመኑ እኮ ተለውጧል። አሁን በነዳጅ የሚሄድ አዲስ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም። አዲስ አበባ የሚሸጡት ፒክአፖች ሁሉ ያረጁ፣ አምስት ሰው የነዳቸው ናቸው። ሰው “ሲላስ ስንት ዓመት ሠርቶ ለቤተሰቡ ቆርቆሮ ላከ” እንዲል አልፈልግም። አንድ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና አይቻለሁ። ድምፅ የለውም፤ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ወንበሩ እንደ ሶፋ ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ እማዬ ናት። በዚያ ጉልበቷ ፒክአፕ ላይ እንዴት ትወጣለች? እንደ ጆንያ ልታነሷት ነው? ይሄኛው ዝቅ ያለ ነው፤ በሩ ሲከፈት ቁጭ ማለት ብቻ ነው። አምና በስልክ ምን እንዳለችኝ ላስታውስዎት? “መኪና ስትገዛ ከፊት ተቀምጬ ሾኔ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ አቧራ ሳይነካኝ” ነው ያለችኝ።

አንድ ነገር አልገባኝም። ድንች ለመጫን ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ርዝመት ምን ያደርጋል? ደግሞ ስለ እማዬ የጠየቅሁትን አንዱንም አልመለሱልኝም።

ሲላስ

ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሲላስ፣

የሰላም አምላክ ካንተ ጋር ይሁን። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው ቁጣ ነው፤ ስለዚህ ተቀምጠህ አንብበው።

ምረጥ ያልከኝ አንተ ነህ። ቀኑን ሙሉ ጃጁራ ቆሜ፣ ሰው ጠይቄ፣ አስቤበት፣ ጸልዬበት መለስኩልህ። አንተ ደግሞ መልሴን ለጎረምሳ አንብበህ አሳቅህበት። ላትሰማኝ ለምን ጠየቅኸኝ? እነዚያ የሚስቁት ልጆች ሐምሌ ላይ እዚህ መጥተው ይግፉልህ እንደሆነ ጠይቃቸው።

የኤሌክትሪክ መኪና ትላለህ። የመብራቱ ሽቦ በላያችን አልፎ ነው የሚሄደው። ወደ እኛ የወረደው አንዱ መስመር አምፖሉን ቀላ አድርጎ ይተወዋል። መኪናውን በምን ላጠግበው ነው? በየቀኑ ሆሳዕና ወስጄ ላስበላው? እሺ፣ ይሄስ ይሁን። ሆዱስ? የመኪናህ ሆድ ከመሬት የሚርቀው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። የዳገቷ የጎማ ቦይ በክረምት እስከ ጉልበቴ ድረስ ነው። መኪና ለሚሄድበት መንገድ ነው የሚገዛው፤ ለሚያየው ሰው ዓይን አይደለም። አንተ የምትገዛው ለሆሳዕና አደባባይ ነው። እኛ የምንኖረው አደባባይ ላይ አይደለም።

የኋላው ይርዘም ካልኩህ ይርዘም። ምክንያቱን አትጠይቀኝ። አንድ ጊዜ እንኳ አጎቴ የሚናገረውን ያውቃል በልና እመነኝ።

ጌታ ልብህን ያብራልህ።

ጠና

(ይህን ከላክሁ በኋላ ስጸልይ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ልጁ ስለ እናቱ ጠየቀኝ፣ እኔ ስለ ሽቦ ጻፍኩለት። ለዘርአብሩክ በአዜብ ስልክ ደውዬ “ምነው ወንድሜ?” አልኩት። “በሚቀጥለው እሑድ” አለኝ።)

ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ጠና፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አንድ ወር ሙሉ ያልጻፍኩት ተናድጄ ነው፤ ለምን እደብቃለሁ?

መኪናውን ገዝቻለሁ። ነጩን። በዚህ ሳምንት ሾፌር ከአዲስ አበባ ያመጣላችኋል። ቢፈልጉ ይቆጡ። እኔ እዚህ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሜ፣ ሽጉጥ የያዘ ሰው የገባ ቀን መሬት ላይ ተኝቼ የሠራሁት ለድንች አይደለም። ድንችዎ ከእማዬ ጉልበት በለጠብዎት? ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ ጉልበቷ ያለቀው ለማን ነው? ለእርስዎ ለራስዎ ነው፤ ለእኔም ነው። አሁን አንድ ምቹ ወንበር ብልክላት መልሱ ስለ ቦይና ስለ ሽቦ ነው!

መጀመሪያ እሷ ትቀመጥበት። እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ። አዜብ እማዬን ከፊት አስቀምጣ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ከፎቶው በፊት ሌላ ደብዳቤ አልፈልግም።

ሲላስ

ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲላስ፣

መኪናህ መጣ። እስከ አስፋልቱ ጫፍ ድረስ አምሮ መጣ፤ ሐሰት አልናገርም። ወንበሩም ያልከው ነው። ሾፌሩ ወደ እኛ ሲታጠፍ “አባት፣ በዚህ ነው የምንገባው?” አለኝ። “በዚህ ነው” አልኩት። የከተማ ልጅ ነው፤ ፊቱ ተለወጠ።

ወንዟ ጋ እንኳ አልደረሰም። ዳገቷን ሲወርድ ወገቧ ላይ ሆዱ ጭቃው ላይ ተኛ፤ ጎማው አየር ላይ ይሽከረከራል። ድምፅ የለውም ብለህ የለ? አዎ፣ ያለ ድምፅ ተቀበረ። ሰው ተሰበሰበ። ጎረቤታችን ሆሴዕ ከነጋሪው መጣና “ጋሼ ጠና፣ ይቺን ፍሪጅ ማን ላከልዎት?” አለኝ። አንዱ ከኋላ “ሶኬቷን ፈልጉላት!” አለ። ሁሉም ሳቀ። በሆሴዕ ፈረስ፣ በገመድ፣ በሰው ትከሻ ወደ ኋላ ጎትተን አወጣናት። አሁን ሆሳዕና ሰው ግቢ ቆማለች።

እኔ አልሳቅሁም። የቆምኩበትን ቦታ ስለማውቀው አልሳቅሁም።

ፎቶ ላኩልኝ ብለሃል። ፊት ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ የለም፣ ልጄ። እማዬ አስናቀች የለችም። በሚያዝያ አረፈች።

በሽታው ሆዷ ላይ ነው የጀመራት። ስልክ ደወልን፤ አምቡላንሱ መጣ፤ አስፋልቱ ላይ ቆመ። “ከዚህ በላይ አልገባም፣ አምጧት” አሉ። ቀኑን ሙሉ ዘንቦ ነበር። በቃሬዛ ተሸከምናት፤ እኔም፣ ሆሴዕም፣ የጸሎት ቤቱ ወንድሞችም። ወንዟን ስናልፍ ታናግረኝ ነበር። “ቀስ በሉ፣ እናንተ እንዳትወድቁ” ትላለች፤ ተሸክመናት ለእኛ ታዝናለች። ዳገቷ ወገብ ላይ ከፊት የያዙት ወደቁ። ቃሬዛውን ስናነሳ ዝም ብላ ነበር። የአምቡላንሱ መብራት ከላይ ይታየን ነበር። ይህን ያህል ቅርብ ነበር።

መኪናህ የተቀበረው እዚያው ላይ ነው።

እንግዲህ የኋላው ለምን ይርዘም እንዳልኩህ አሁን ገባህ። ድንች ያልኩህ ሁሉ ድንች አልነበረም። ድንች በጋሪም ይደርሳል፤ አንድ ቀን ቢያድር አይሞትም። እኔ የለመንኩህ ለሚቀጥለው ሰው ነበር።

አዜብ ይህን አልልክም ብላ አለቀሰች። “ብቻውን ነው፣ ሽማግሌዎቹ ይቆጡናል” አለችኝ። ላኪው አልኳት። የተናገርኩት በፍቅር ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ግን በንዴት ነው የተናገርኩት፤ ጌታ ያየኛል።

ጠና

(ሽማግሌዎች በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጡ። “የመኪና ንዴት ይዞህ መርዶ ትጽፋለህ? ልጁ ራሱን ቢጎዳስ?” አሉኝ። የመስቀል በዓላችን ያሆዴ መጥቶ አለፈ። ከሲላስ ምንም የለም። አዜብ ስትደውል ይጠራል፣ አይነሳም።)

መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

አቶ ጠና፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሱቅ ውስጥ ነው። በፍርግርጉ በኩል አንዲት ሴት ዳቦ ጠየቀችኝ። ስልኩን በግራ እጄ ይዤ ዳቦ ሰጠኋት። መልስ ቆጥሬ ሰጠኋት። ከዚያ ነው የገባኝ። ሴትዮዋ እስካሁን ለምን እንደጮህኩ አታውቅም።

ዘርአብሩክና ሌሎቹ በማግስቱ በማለዳ መጡ። አዜብ ደውላላቸው ነበር። ከአራት ወር በኋላ! በር ላይ ቆመው የተዘጋጁበትን ቃል የሚናገሩበት አጡ። አባረርኳቸው። ከዚያ ተመልሼ አስገባኋቸው፤ ብቻዬን መሆን አልቻልኩም።

ተናድጃለሁ። ስለሞተች አይደለም፤ እሱ የጌታ ነው። ለሌለች ሴት ወንበር ስታስመርጡኝ ስለከረማችሁ ነው። ስለ ጉልበቷ ስጽፍ፣ ስለ ቅባቷ ስጠይቅ፣ አንብበው ዝም አሉኝ። ጓደኞቼን “እናቴ ከፊት ትቀመጣለች” ብዬ መኪናዋን አሳይቻቸዋለሁ። እነሱም ያውቁ ነበር! ዘርአብሩክ ለሁሉም ነግሯል። አጎትህ በሬ ነው ወይ የሚገዛው እያሉ የሳቁት እያወቁ ነው። እንዳልጠረጥር ነው የሳቁት አሉ። ይሄ ነው ርኅራኄያችሁ?

ደግሞ ይህን ይስሙ። በግንቦት “እናትህ መንገድ ላይ ሞተች፤ ይህን መንገድ የሚወጣ መኪና ላክ” ብለውኝ ቢሆን፣ በማግስቱ እገዛው ነበር። ክረምቱን በሙሉ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እርስዎ ግን ለልቤ አዝነው ድንች ድንች አሉኝ፤ እኔም ለጉልበቷ አዝኜ ፍሪጅ ላክሁ። በክረምቱ ሌላ ሰው በቃሬዛ ወጥቶ ከሆነ የሁለታችንም ነው። ጠይቄ ማወቅ አልፈልግም።

ነጩን ይሽጡት። እርስዎ ያሉትን ይግዙ፤ ከፍ ያለውን፣ አሮጌውን፣ የፈለገውን ቀለም። የኋላው ይርዘም። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፤ ደረጃ ይበየድለት። ጉልበቷ የታመመ ሴት ሰው ሳያነሳት የምትወጣበት ደረጃ። እማዬ እንደምትወጣበት አድርገው ይለኩት።

ይቅርታ አላደረግሁልዎትም።

ሲላስ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሲላስ፣

ልጄ ማለትን ካልከለከልከኝ እንዲህ ብዬ ልጀምር። የሚያጽናና አምላክ እጁን ትከሻህ ላይ ያሳርፍ።

ደብዳቤህን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ለራሴ መከራከሪያ አልፈልግም፤ እውነትህን ነው። አንተን ለማዳን ዝም ያልኩ መስሎኝ ነበር። ሳስበው ግን ስትጮህ መስማት ፈርቼ ነው። ያንተ ጩኸት ሲመጣ የእኔም ይመጣ ነበር፤ እኔ ደግሞ ገና አልጮህኩም ነበር። ይህን ለሽማግሌዎቹም ነገርኳቸው። “ሥርዓታችን ነው” አሉኝ። ሥርዓቱ ከበው ይዘው ለመንገር ነው እንጂ ለመደበቅ አይደለም አልኳቸው። ተቆጡኝ። እኔም ተቆጣሁ። እንዲያ ሆነን ተለያየን፤ እሑድ ግን አብረን ጸለይን።

ነጯን የሆሳዕና አንድ ነጋዴ ገዛት፤ ከአስፋልት አልወርድም ብሏል። ፒክአፑን እንድርያስ አግኝቶ አመጣልን። አሮጌ ነው። በሩ ሁለት ጊዜ ካልተመታ አይዘጋም። ሸክም የሚችለው ባሌስትራው ግን ጠንካራ ነው፤ አራቱም ጎማ ይጎትታል፤ ሆሴዕ ከኋላው ተኝቶ እግሩን ዘርግቶ ለካልኝ። “ለእኔ ከበቃ ለማንም ይበቃል” አለ፤ ቁመቱን ታውቀዋለህ።

ደረጃውን ሆሳዕና ብየዳ ቤት አሠራሁት። በያጁ “ቁመቱ ስንት ይሁን?” አለኝ። ደጃፋችን ላይ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ታስታውሰዋለህ? ጉልበቷ ከታመመ በኋላ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩላት፤ መጀመሪያ ከፍ ብሎባት፣ ዝቅ አድርጌ ዳግመኛ የተከልኩት። ከቤት ስወጣ ያንን በገመድ ለክቼ ቋጥሬ ይዤ ነበር። ገመዱን ሰጠሁት። “ፒክአፕ ላይ እንዲህ ዝቅ ያለ ደረጃ አይሠራም፣ ዳገት ላይ ይመታብዎታል” አለኝ። ልክ ነው፤ እኔ ራሴ ስለ ሆድና ስለ መሬት ስጮህብህ የከረምኩ ሰው ነኝ። ተቀመጥን፣ አሰብን። በመጨረሻ በማጠፊያ ሠራው፤ ሲሄድ ይታጠፋል፣ ሲቆም ይወርዳል።

የክረምቱን ማወቅ አልፈልግም ብለሃል፤ አልነግርህም። ያለፈውን ሳምንት ግን ልንገርህ። ያለ ወቅቱ ዘነበ። የሆሴዕ ሚስት ሙሉመቤት ምጥ ያዛት። መኪናውን የሚነዳልን እንድርያስ ደረጃውን አወረደው። ሆሴዕ ሊያነሳት ቢጠጋ “ዞር በል፣ እኔ እወጣለሁ” አለችው፤ በዚያ ምጥ መሐል! ወጣች፤ ፍራሹ ላይ ተኛች። እኔ ከአጠገቧ ሸራውን ይዤ ተቀመጥኩ። ዳገቷ ወገብ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናው ተንገዳገደ፤ አንዴ ጮኸ፤ ወጣ። ዓይኔን ስገልጥ አስፋልት ላይ ነን። ያኔ ነው እኔም የጮህኩት። ሙሉመቤት “ምን ሆኑ ጋሼ? የምወልደው እኔ ነኝ” አለችኝ።

ወንድ ልጅ ነው። ሆሴዕ “ፈረሴን ሥራ አስፈታችሁት” እያለ ይዞራል።

ይቅርታ አላደረግሁልህም ብለኸኛል። በወረቀት አልቀበለውም፤ ስታደርግልኝም ሆነ ስትከለክለኝ ፊቴ ቆመህ ንገረኝ። የመኖሪያ ፈቃድህ ተስተካክሎ የምትመጣበት ቀን ሲታወቅ ንገረን። አዲስ አበባ ድረስ በዚሁ ቆርቆሮ መጥቼ እቀበልሃለሁ። አንተ ከፊት ትቀመጣለህ። ከዚያ ቤት ከመግባታችን በፊት በሆሳዕና አልፈን ሾኔ እንወርዳለን። እህቷ እስከ ዛሬ በር በሩን ታያለች፤ እሷንም መርዶ ያረዳናት በስልክ አይደለም፣ ግን መጥቶ ያቀፋት የአስናቀች ወንድ ልጅ የለም።

አቧራው ይነካሃል። መስኮቱ አይዘጋም።

አጎትህ ጠና